የባለቁልፉ ዘር

ጎረቤቴ ቁልፍ ሠሪው አያቱን ሲያነሳ ደረቱን ይነፋል። ሰፈሩ ቤተሰቡን «እነ ባለቁልፉ» የሚለው አያቱ የአንድ ባለጸጋ ጎተራ ጠባቂ ስለነበሩ ነው፤ ታማኝ፣ የተከበሩ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው የለም። «እሳቸው የሀብታም ቁልፍ ያዙ፣ አንተ የሰካራም ቁልፍ ትቀርጻለህ፤ ዘሩ ቁልቁል ነው የሚያድገው» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ሴት ልጁ ስትታጭ የእጮኛዋ ወላጆች ስለ ዘሯ ጠየቁ። እሱም አያቱን ያወቀ ሰው ሲያፈላልግ ከርሞ አንዲት አሮጊት አገኘ፤ የአያቱን የእህት ልጅ። «ሰው ፊት ካልሆነ አልናገርም» አሉት። ክብር መሰለው። ቀድሜ ልስማው እንኳ ሳይል የእጮኛዋን ወላጆች ቤቱ ጠራ፤ እኔንም ከነወንበሬ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አሮጊቷ ሳይቸኩሉ ተረኩ። በአንድ የረሃብ ዘመን ጎተራው ሙሉ ነበር፤ ቁልፉም በአያትየው አንገት። እህቱ፣ ማለትም የአሮጊቷ እናት፣ ልጅ አዝላ በሩ ሥር ወድቃ ስትለምነው እሱ ከውስጥ ሆኖ «ጌታዬ አልፈቀዱም» ይላት ነበር።

«ጌታው ግን ሞቶ ከተቀበረ ሰንብቷል» አሉ። «የሚከለክለው አልነበረም። የታዘለው ወንድሜ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ባለቁልፉ ብላ ስም ያወጣችለት እናቴ ናት፤ እስከ ልጅ ልጁ ድረስ እንዲከተለው።»

ቁልፍ ሠሪው ላቡን ጠረገ። «እማማ፣ ይሄን ለብቻዬ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ለብቻህማ ትቆልፍበት ነበር።»

የእጮኛዋ እናት «ዘር ከልጓም ይስባል» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ባሏ ግን ሰው ሁሉ ስለተጠራ ሠርጉ እንደማይቀር ተናገረ። ደስ ልንሰኝ ስንል፣ ልጅቷን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ቀጠለ።

«እኛ ቤት ግን የጓዳ ቁልፍ አትይዝም። ወልዳ ለልጇ ቁራሽ ስትሰጥም ባለቤቴን ታስፈቅድ።»

ልጅቷ አባቷን አየችው። እኔም አየሁት። በአንድ ብሎን ከደንበኛ ጋር ግማሽ ቀን የሚሟገት ሰው ነው።

«እሺ» አለ። «እንደ ፈቀዳችሁ።»

ልጅቷ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። አሮጊቷ የቀዘቀዘ ሻያቸውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጠው ባዶውን አቀበሏት።

«ልመጂው፣ ልጄ» አሏት።