የእትዬ ዳኛ እጅ

«ወንበሩ አይበቃም ብዬ ነበር እኮ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ።

እናቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ትናንት ሰው አይመጣም ብላ ስትፈራ ውላለች፤ ዛሬ ደግሞ ሰዉ በዛና ደረጃው ይደረመሳል ብላ ትፈራለች። ተፈጥሮዋ እንዲህ ነው፤ ሳያካፋ ጎርፍ ይታያታል።

አክስቷ ትሪውን ተቀበለቻት። «ወንበር ያጣ ይቆማል። እናትሽ ሠላሳ ዓመት ያስቆመቻቸው ሰዎች ናቸው፤ ለምደውታል።»

ከግድግዳው ሥር ግን አንድ በርጩማ ባዶውን ተቀምጧል። ኳስ እያንከባለሉ ከሚጫወቱበት የቦውሊንግ አዳራሽ ያመጣው ቦዩ የሚሉት ሰው ነው። ቦዩ ግዙፍ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ስሙን ያገኘው ኳሱ ሁልጊዜ ከመጫወቻው ጎን ካለው ቦይ ስለሚገባ ነው። ቆመው የደከማቸው ሰዎች በርጩማውን ያዩና መልሰው ግድግዳውን ይደገፋሉ።

«መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ዘጠኝ ኳስ ቦይ ከተትኩ» አለ ቦዩ። «ጫማዬን ቀይሬ ልወጣ ስል እትዬ ዳኛ ያዙኝ። ‹አንተ ልጅ፣ ኳሱስ መንገዱን ያውቃል፤ አንተ ነህ የምታዋክበው› አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት አስተማሩኝ።»

«ታዲያ ተማርክ?» አለችው አክስቷ።

«የት አባቴ! ዛሬም ቦይ ውስጥ ነኝ።»

ቤቱ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አፉን ያዘ። ልብስ ሰፊዋ ግን ደስ አላት። «እትዬ ዳኛ» የሚሏት እናቷ በሥራ ቀን የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ቅዳሜና እሑድ ግን አዳራሹ ውስጥ ናት፤ ሳንቲም ሳይከፈላት ኳስ ትመዝናለች፣ ተንበርክካ ወለሉን በሜትር ትለካለች፣ ጀማሪዎችን ታሠለጥናለች። የውድድር ቀን ሲሆን እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ ሰክታ፣ ከጥቁሩ የመወርወሪያ መስመር ጫፍ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። የተጫዋቹ እግር መስመሩን ከነካ ቀኝ እጇን ታነሳለች። ያኔ ኳሱ የጣላቸው ጠርሙስ መሰል እንጨቶች፣ ፒኖቹ፣ ሁሉም ዜሮ ናቸው። እጇም የሚወርደው መዝጋቢው «ተመዝግቧል» ሲል ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። የድሮ ተጋጣሚዋ ነርስ ገባች፤ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች። ከልብስ ሰፊዋ ጋር ከተያዩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ያኔ የፍጻሜ ውድድር ላይ ሁለቱ ነበሩ የቀሩት። ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻው ኳስ ሰባት ፒን ብትጥል ዋንጫው የእሷ ነበር። አሥሩንም ጣለች። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ከዚያ ጩኸቱ ባንዴ ቀጥ አለ። እናቷ እጇን አንስታለች።

«አልረገጥኩም!» ብላ ጮኸች ልጅ። መዝጋቢው እርሳሱን ይዞ እናትና ልጅን እያፈራረቀ አየ። የእናትየዋ እጅ ግን አልወረደም። በመጨረሻ ጻፈ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ እናቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት። «ጫማው ጠቦሽ ነበር እንዴ?» ልጅ ግን አዳራሹን ዳግም አልረገጠችውም።

የዚያ ቀን ወሬ ግን አልበረደም። አሁንም ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። «በገዛ ልጇ የፈረደች እኮ ናት።» «ለስሟ ብላ ነው ይባላል።»

ነርሷ ፎጣውን ፈታችው። ዋንጫው ነው።

«እህቴ፣ ይሄ መኖር የነበረበት አንቺ ቤት ነው» አለች። «ባየሁት ቁጥር ይቆረቁረኛል። እትዬ ዳኛም ሰው ናቸው፤ ተሳስተው ይሆናል።»

ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። አክስቷ እንኳ ወለል ወለሉን አየች።

ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ነገር ስትጠብቅ ኖራለች፤ እሳት፣ ሌባ፣ የልጆቿን ትኩሳት። ክፉው ግን ይኸው አፏ ውስጥ ነበር። ዝም ብላ ዋንጫውን ብትቀበል እናቷ ለዘላለም ተሳስታ ልትቀር ነው።

«ረግጫለሁ» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች ነርሷ።

«ረግጫለሁ። ኳሱን ለቅቄ ቁልቁል ሳይ የግራ ጫማዬ ጫፍ ጥቁሩ ላይ ነበር። አይቼዋለሁ። እናቴ ናት፣ ታልፈኛለች ብዬ ነው የካድኩት።»

«እሷ ታልፍሽ!» አለች አክስቷ፤ እንባዋ እየወረደ ቀና ብላ ቤቱን ዙሪያውን አየች። «የኔ እህት!»

«እኔንስ መች አለፉኝ» አለ ቦዩ። «ኳሴ ቦይ ገብቶ እንኳ እጃቸውን ያነሱብኝ ነበር!»

ልብስ ሰፊዋ ዋንጫውን በፎጣው መልሳ ጠቀለለችና ነርሷን አስታቀፈቻት። «ያንቺ ነው። አንድም ቀን የኔ ሆኖ አያውቅም።»

ከዚያ ሄዳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን አቀናች። ቀኝ እጇን፣ መዳፏን ዘርግታ፣ ልክ እንደ እናቷ አነሳች። አላወረደችውም።

ቦዩ ኪሱን ዳበሰ። እስክሪብቶ አወጣ፤ ወረቀት አጣና መዳፉ ላይ ዜሮ ጻፈ።

«ተመዝግቧል» አለ።

ያኔ እጇን አወረደች።