የሰባት ቁጥር አልጋ ኩሩ በሽተኛ

ሌሎቹ አስተማሪዎች ማርከር ይዘው ይገባሉ፤ የነርስነት አስተማሪያችን ሲስተር ግን ፒጃማ ታቅፈው ገቡ።

"ግማሻችሁ ትተኛላችሁ፣ ግማሻችሁ ታስታምማላችሁ። የተኛ ሰው እግሩ የእሱ አይደለም። ከአስር ሰዓት በፊት ከአልጋ የወረደ ኮርሱን ይደግማል። ለአስታማሚው ማርክ የሚሰጠው ደግሞ በሽተኛው ነው።"

እኔና መድገም አንተዋወቅም። የእህቴን የነርስነት መጻሕፍት ገና ትምህርት ቤቱን ሳልረግጥ ብቻዬን ጨርሻቸዋለሁ። ደግሞም አባዬ "አንድ ኮርስ ብትወድቂ ወደ ሱቄ!" ብሎኛል። ዕድሜ ልኬን ስኳር ስመዝን ልኑር?

አስታማሚዬ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? እንቁላል! ቀስ በቀስ በእግሯ ትሄዳለች ብዬ ስሙን ያወጣሁላት እኔው ነኝ። የደም ግፊት ለክታ እስክትጨርስ በሽተኛው ያረጃል።

"የኔ እናት፣ የሚያምሽ ነገር አለ?" አለችኝ አንሶላውን እያቃናች።

"ያንቺን ፊት ከማየት በቀር ምንም።"

ሳቀች። እሷ መቼ ትቀየማለች!

እስከ አምስት ሰዓት ንግሥት ነበርኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ሽንቴ መጣ። ሰባት ሰዓት ላይ ላብ አጠመቀኝ። መጽሐፌ ስለ ሽንት ፊኛ አርባ ገጽ አለው፤ "ፖፖ አምጪልኝ" የሚባለው በየት በኩል እንደሆነ ግን አንድ መስመር አልጻፈም። ያውም እንቁላል ብዬ ለምጠራት ሰው!

መጸዳጃ ቤቱ አስር እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ እግሬን አወረድኩ።

"እግሩ የማን ነው?" አሉ ሲስተር ከበሩ አጠገብ፣ ካቀረቀሩበት ቀና እንኳ ሳይሉ።

እግሬን ወደ አልጋው መለስኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ኩራቴ እጁን ሰጠ።

"እህቴ... እባክሽ..." ቀሪው አልወጣም።

እንቁላል ምንም አልጠየቀችም። መጋረጃውን ዙሪያውን ሳበች። ፖፖውን በሙቅ ውሃ አሙቃ ከሥሬ አስገባች። ከዚያ ወጥታ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ለቀቀችው። ውሃው ሲንሿሿ የእኔን ማን ይስማው!

"ይሄ ደግሞ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?" አልኳት ከመጋረጃው ውስጥ።

"ገጽ የለውም። አያቴን ሦስት ዓመት አስታምሜያለሁ። ሲያዋክቧት አትወድም ነበር።"

"አመሰግናለሁ" አልኳት። ብርቅ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

አስር ሰዓት ላይ ሲስተር የማርክ ወረቀቱን ሰጡኝ። ከአስር አስር ሞላሁ። "ምክንያት" የሚለው ቦታ ላይ እስክሪብቶዬ ለገመ፤ በመጨረሻ "ቧንቧ" ብዬ ጻፍኩ። ሲስተር አነበቡት፤ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

"ሁለታችሁም አልፋችኋል።"

እንቁላል ፒጃማዬን ተቀብላ ቀስ ብላ አጠፈችው።

"ነገ ተኚዋ እኔ ነኝ" አለች። "ሻዬን በጆግ ጠጥቼ ነው የምመጣው፤ ፍጥነትሽን እናያለን።"