በቁም የተሰጠ ተዝካር

የሰው ልጅ መታሰቢያ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከመቃብሩ ድንጋይ ይልቅ በሚጠራው አንደበት ይኖራል፤ ጠሪ ያጣ ስም ግን፣ ባለቤቱ ጻድቅም ይሁን ኃጥእ፣ ክረምት እንዳለፈበት ዱካ ይጠፋል። ይህን ኀዘን ከማንም አብልጣ የተሸከመች ወይዘሪት ዘርፈሽዋል የተባለች ትጉህና ምሁር ሴት ነበረች፤ ከባሕር ማዶ ወንጌልንና መድኃኒትን ይዘው መጥተው፣ በባዕድ ምድር ያለ ዘመድና ያለ አልቃሽ ያለፉትን ሴቶች ታሪክ ስትመረምር ወጣትነቷ አለቀ፣ ዐይኗም ደከመ። መጽሐፏን ለመፈጸም የቀራት የአንዲት መቃብር ብቻ ነበር፤ በፈንጣጣ ዘመን ድውያንን ስታስታምም የሞተችው የእንግሊዛዊቱ ዲያቆናዊት ሃሪየት። ወዮ! በየደብሩ «ሃሪየት» እያለች ብትጠይቅ የሚያውቃት ጠፋ፤ በአገራችን ሙት የሚታሰበው በክርስትና ስሙ መሆኑን እያወቀች፣ «ለባዕዲቱማ ማን ስም ያወጣላታል» ብላ በዚያ በኩል ሳትፈልግ ቀርታ ነበርና።

በመጨረሻ የጉንደ ወይራ ሚካኤል ደብር አረጋዊ፣ መሪጌታ ኅሩይ፣ ከዐጸዱ ውስጥ ከአንድ ወይራ ሥር አቁመዋት ከአያታቸው የሰሙትን ነገሯት። ፈረንጂቱ በሞተች ጊዜ ካህናቱ፣ ሃይማኖቷ ሌላ ነውና ያለ ፍትሐት ከቅጥር ውጭ ትቀበር ብለው ነበር። ፈረንጂቱ ከፈንጣጣ አስታማ ከሞት አፋፍ ያወጣቻት አንዲት መበለት ግን፣ ወራሽ ስለሌላት ተዝካሯን በቁሟ ልታወጣ የደገሰችውን እህል ውኃ አሸክማ መጥታ፣ ለእኔ የተሰናዳው ለእርሷ ይሁን፣ በእኔም የክርስትና ስም ወለተ ሚካኤል ተብላ ትፈታ ስትል በደጀ ሰላሙ ተደፋች። ካህናቱም አይተው እንዳላዩ ሆነው ፈትተው ከዚሁ ወይራ ሥር ቀበሯት፤ ወለተ ሚካኤልም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ትታሰባለች።

ዘርፈሽዋል የዕድሜዋን ድካም ፍሬ ከእግሯ ሥር አግኝታ አፈሩን ሳመች። ቀና ስትል ግን ልቧን አንድ ነገር ወጋት።

«አባቴ፣ መበለቲቱስ የት አረፈች?»

«ልጄ፣ ክፉ ቀን መጣ። ዳግመኛ የምትደግሰው እህል አልነበራትም፤ የሚፈታትም ካህን አልተረፈም። ጅብ በላት ይላሉ።»

ባዕዲቱን ስትፈልግ የኖረችው ሴት፣ የገዛ አገሯን ሴት አንድም ቀን ሳትፈልጋት መኖሯን ዐውቃ አለቀሰች። ተዝካር ላውጣላት ብትል መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በምን ስም ልጥራት? ያላትን አንድ ስም ሰጥታዋለች።»

ዘርፈሽዋልም ባልም ልጅም አልነበራትም። «እንግዲያው በእኔ ስም ይሁን፤ ወለተ ጊዮርጊስ ይበሏት» አለች።

ዛሬ በጉንደ ወይራ ሁለቱ ሴቶች በየዓመቱ ይታሰባሉ፤ መጽሐፏን ሳትፈጽም የሞተችውን ዘርፈሽዋልን ግን የሚያነሣት የለም። ለሌላው የተለኮሰ ጧፍ የለኳሹን መቃብር አያበራም።