ጂኑክ መጀመሪያ የምትከፍተው ገጽ

እናቴ ቤት ውስጥ ሦስት ሐያስያን ነበርን፤ ደመወዝ የሚከፈለው ግን ለእኔ ብቻ ነው። አርብ አርብ በሚወጣው የጋዜጣችን የመጻሕፍት ገጽ ላይ ግማሹን ለአዳዲስ የፍቅር ልብ ወለዶች፣ ግማሹን ለልጆች ሥዕላዊ መጻሕፍት እሰጣለሁ። የባንግላዴሿ ከተማችን የዳካ አሳታሚ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የሚነቃው ለየካቲቱ የመጽሐፍ ትርዒት ስለሆነ፣ ያን ሰሞን መጽሐፉ በጆንያ ነው የሚላክልኝ። የፍቅሩን እናቴ ታነብልኛለች፣ የሥዕሉን ደግሞ የእህቴ ልጅ ጂኑክ።

እናቴ ለፍቅረኞች ርኅራኄ የላትም። «ይቺም ዝናብ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ እነዚህ ሰዎች ጥላ የሚባል ነገር አያውቁም?» ትላለች። የልብ ወለዱ ልጅ አንዱን ባለሞተር ሳይክል ለማግባት ቆርጣ ስትነሳ ደግሞ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብላ መጽሐፉን ትዘጋለች። እኔ ይህንኑ ትንሽ አለዝቤ እጽፈዋለሁ።

ጂኑክ ሰባት ዓመቷ ነው። ለእሷ ያስተማርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። አሳታሚዎቻችን የጸሐፊውን ስም ሽፋኑ ላይ በትልቁ ያትሙና የሠዓሊውን ስም ከርዕሱ ገጽ ጀርባ፣ ከማተሚያ ቤቱ አድራሻ ጋር፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል ይቀብሩታል። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ስለዚህ «መጽሐፍ ስትከፍቺ መጀመሪያ እዚያ ገጽ ሂጂ። ማን እንደሳለው ፈልጊና ጮክ ብለሽ አንብቢው። ከጀመርሽም እስከ ታች ጨርሺው» አልኳት። ተቀበለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ገጽ እንደ ሶላት ነው የምትይዘው፤ ሥዕሉን ለማየት ብትቸኩል እንኳ አትዘለውም።

እናቷ፣ ታናሽ እህቴ መሄሩን፣ የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲ ነበረች፤ ያውም የእናታችንን ምላስ ሳትፈራ። ባለፈው ዓመት ታማ ሕመሙ ሲበረታባት እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ለሕክምና ሕንድ አገር ቼናይ ሄደች። የመጣችው በሣጥን ነው። ጂኑክን ያን ቀን ማይመንሲንግ ከተማ ዘመድ ቤት ልከናት ነበር። ስትመለስ እናቴ በር ላይ ተቀበለቻትና «እናትሽ ገና ቼናይ ናት፤ ሐኪሙ ስልክ ከልክሏታል» አለቻት። አባቷ ከተፋቱ በኋላ ማሌዢያ ገብቶ ስለቀረ ውሸቱን የሚያፈርስ ሌላ ሰው አልነበረም።

የቀብሩ ጸሎት መስጊድ ተደረገ። ለቀስተኛ ቤታችን እንዳይመጣ ለመንን። ስለዚህ እናቴ ልጇን ቀብራ አንድም ቀን ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ ትከፍታለች፤ ቧንቧው ለረጅም ሰዓት ይፈስሳል። እኔ ከውጭ ቆሜ እሰማለሁ፤ ማንኳኳት እፈልግና እተወዋለሁ።

«እማ፣ ልጅቷ ማወቅ አለባት» አልኳት አንድ ቀን።

«የልጄን እሳት እኔ ውጬዋለሁ። እሷ ትንሽ ትደግ።»

«እስከ መቼ?»

«ፈተናዋን እስክትጨርስ።»

ፈተናው አለፈ፤ «ኢድ ይለፍ» መጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ቤት እያደር የሚወፍረው ውሸቱ ነበር። እኔም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ሆንኩና ጂኑክ ስለ ቼናይ ስትጠይቀኝ ስለ ቼናይ እመልስላት ጀመር።

በተከታዩ የካቲት አንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ ደረሰኝ። እናት ወፍ ጎጆዋን እየሠራች አውሎ ነፋስ ይወስዳታል፤ ጫጩቷ ስትጠብቅ ትኖራለች፤ መጨረሻው ገጽ ላይ እናትየው በቀስተ ደመና ሥር ትመለሳለች። ጂኑክ የሠዓሊውን ስም አነበበች፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየች፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ከደነችው።

«ይዋሻል» አለች።

«ምኑ?»

«ነፋሱን እውነተኛ አድርጎ ሳለው። እንዲህ ያለ ነፋስ የወሰደው አይመለስም። ይዋሻል ብለሽ ጻፊ።»

«እሺ» አልኳትና «ልጆችን የሚያጽናና መጽሐፍ» ብዬ ጽፌ ላክሁ።

የመሄሩን የመጨረሻ ልብ ወለድም በዚያው ትርዒት ሊወጣ ነበር። አሳታሚዋ ሞኽለስ፣ ሁላችንም «ባይ»፣ ማለትም ወንድም፣ ብለን የምንጠራው ደግ ሰው ነው። «ሻሄዳ አፓ፣ እህቴ፣ መጠቅለያውን ልጅቷ ትፍታው» አለኝ። አዲስ መጽሐፍ በወረቀት ተጠቅልሎ መድረክ ላይ ወጥቶ ሰው ፊት ካልተፈታ ተወለደ አይባልም። ጂኑክ የእናቷ መጽሐፍ እንደሚወጣ ሰምታ ስለነበር እንቢ የሚል አልተገኘም። እናቴም «ደስ ይበላት እንጂ» አለች። እኔ ብቻ ሞኽለስን ወደ ጎን ወስጄ «ሽፋኑ ላይ፣ ከፎቶዋ ሥር፣ ሞተች የሚል ነገር እንዳይኖር» ብዬ ለመንኩት። ማለልኝ። ረቂቁን ሲልክልኝ ሽፋኑን ከፊትም ከኋላም አነበብኩ። ንጹሕ ነበር።

የትርዒቱ ሜዳ አቧራ ውኃ ተርከፍክፎበት ነበር። ጂኑክ ቢጫ ለብሳ፣ ፀጉሯ ላይ የአበባ ጉንጉን ደፍታ፣ በእጇ ሚጥሚጣና ጨው የተነሰነሰበት ዘይቱን ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች። ዘይቱኑን ለእኔ ሰጠችኝ፤ መጠቅለያውን ሳትቀድ በጥንቃቄ ፈታችው። ሰው አጨበጨበ። ሞኽለስ የድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋላትና «በይ እስቲ፣ ለእናትሽ መጽሐፍ አንድ ነገር በይ» አላት።

ጂኑክ ሽፋኑን አላየችም። የእናቷን ፎቶም አልፈለገችም። ቀጥ ብላ ወደዚያ ገጽ ሄደች፤ ያኔ ነው እኔ ያላየሁት ገጽ መሆኑ የገባኝ። ጮክ ብላ፣ ሳትደናቀፍ አነበበች፦ «የሽፋን ሥዕል፣ ቶሪኩል። የመጽሐፉ መብት፣ የሟቿ ደራሲ ልጅ የጂኑክ። የታተመው፣ ባንግላ ባዛር።»

«ሟቿ» ላይ ድምፅዋ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልቆመችም፤ እስከ ታች ጨረሰችው። ለማጨብጨብ የተነሳው እጅ በየቦታው ቀረ። ሞኽለስ ጭንቅላቱን ያዘ። መብቱ ለማን ይሁን ብሎ ሲጠይቀኝ «ለልጇ» ያልኩት እኔው ነኝ፤ እሱ ሕጉ እንደሚለው ነው የጻፈው። ጂኑክ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ ወረደችና እጄን ያዘች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሪክሾ በሚባለው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ወደ ቤት ተሳፈርን።

«አያቴ ታውቃለች?» አለች።

«ታውቃለች።»

«ሞኽለስም?»

«እሱም።»

«አስተማሪዬስ?»

«እሷም፣ የኔ ልጅ።»

«ያ ዘይቱን ሻጭ፣ እማዬን የሚያውቃትስ?»

ዋሽቼ ሰልችቶኝ ነበር። «እሱም ያውቃል» አልኳት።

«እንግዲያው እኔ ብቻ ነኛ» አለች።

አቀፍኳት፤ አልገፋችኝም፣ ግን አልተጠጋችኝም። ቆይታ «የወፏን ይዋሻል ብለሽ ጻፍሽ?» ስትለኝ፣ አልጻፍኩም አልኳት። እሷ እያየችኝ ለአዘጋጁ ደወልኩና የወፏን ጽሑፍ ሳያትም እንዲያቆይልኝ ነገርኩት። እሱ ተቆጣ፤ ይቆጣ።

እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ጫማችንን ሳናወልቅ «ጂኑክዬ፣ አሁን እኮ እናትሽ ደወለች» አለች ፊቷን አብርታ። «ሐኪሙ ለአንድ ደቂቃ ፈቀደላትና፣ እንኳን ደስ አለሽ በይልኝ አለች።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ጂኑክ ቀድማኝ ወደ ውስጥ ገባች። ተነብበው ያለቁት የፍቅር ልብ ወለዶች ከተደረደሩበት የአያቷን መነጽር አመጣች። እናቴን እጇን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ መነጽሩን ራሷ አደረገችላት፣ መጽሐፉን ከፍታ ጭኗ ላይ አኖረችው፣ መስመሩ ላይም ጣቷን አደረገች።

«አያቴ፣ ይህን አንብቢው። ጮክ ብለሽ።»

እናቴ አየችው። ወደ እኔ ቀና አለች፣ ተመልሳ አየችው። ከንፈሯ ቃሉን ይዞ ቆየ፤ ማውጣት አቃታት። ከዚያ ልጇን በስሟ ጠራች። «መሄሩኔ» አለች፤ ያ ድምፅ ከተቀበረችበት ቀን ጀምሮ ያልሰማሁት ነው፤ ጎረቤት ሁሉ በር እስኪከፍት ድረስ ጮኸች። ጂኑክ ያኔ ነው አያቷ ጭን ላይ ተደፍታ ማልቀስ የጀመረችው። የመጀመሪያዎቹ ለቀስተኞች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሲገቡ እኔ ወንበር እየዘረጋሁ ነበር።