ጥርት ብሎ ያደረ ሰማይ

እና ደመና ነበር አለችው፣ ለገዛ ወንድሟ፣ በስልክ፣ ድምጿ እንኳ ሳይሰበር፣ ሰማዩ እንደታጠበ ብርጭቆ ጥርት ብሎ አድሮ ሳለ። አይ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ እትዬ፣ ብሎ ዘጋው። አመናት። ይሄ ነው የሚያንገበግባት፣ ቢጠራጠራት፣ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

መድኃኒት ቤቱ ገና ሰው አልገባበትም፣ ባንኮኒው ላይ ላፕቶፑ ተከፍቷል፣ ጣሪያዋ ላይ ቴሌስኮፑ ላይ የተገጠመው ካሜራ ሲያነሳ ያደረው ፎቶ ሁሉ እዚያው ነው፣ አላይም፣ ባይስ ምን ላተርፍ፣ የሚጠፋው የአዲሷ ድንጋይ ነው። አዲሷ የምትላት የወንድሟን ሚስት ነው፣ ከተጋቡ ስንት ዓመታቸው፣ ለእሷ አሁንም አዲሷ ናት። ቴሌስኮፑን የሠሩት ማንና ማን ሆኑና፣ እሷና ወንድሟ፣ መስተዋቱን በእጃቸው እየሞረዱ፣ ክንዳቸው እስኪዝል፣ ያኔ አዲሷ የት ነበረች፣ አዲሷን ኮከብ ከኮከብ መለየት ያስተማረቻት እሷው ራሷ ናት፣ እጇን ይዛ፣ ሞኝ። ወንድሜን ወሰደች፣ እሺ፣ ወንድም ያገባል፣ ሰማዩንስ ለምን ትወስዳለች? አሁን ደግሞ ወደ ምድር የሚቀርብ የሰማይ ድንጋይ አገኘች ተባለ፣ ማንም ያላየው፣ በማግስቱ እነሱ ከተማ ሰማዩን ደመና ጋረደው፣ ሌላ ሰው አይቶ ካላረጋገጠ መንገዱ ሳይታወቅ ይጠፋል፣ አንቺ ፈልጊልን አላት ወንድሟ። ይጥፋ።

አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ የሳል ሽሮፕ፣ ከምግብ በኋላ አባባ፣ ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርገው፣ እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ወጡ። እጇ መቼ ላፕቶፑ ላይ እንደሄደ አላወቀችም። አንደኛው ፎቶ። ሁለተኛው። ኮከቦቹ ባሉበት ቆመዋል፣ አንዲት ነጥብ ብቻ፣ ደብዛዛ፣ የአቧራ ብናኝ የምታህል፣ ፈቀቅ ትላለች። ሦስተኛው ላይም አለች። ና እይ ልትል አፏን ከፈተች፣ እንደ ልጅነታቸው፣ ለማን፣ መደርደሪያው ላይ ለተሰለፉት ካርቶኖች?

ደወለች። ያነሳችው አዲሷ ናት፣ ምነው ዛሬ እንኳ እሱ ቢያነሳ፣ ገላውን እየታጠበ ነው እትዬ።  ዋሽቻለሁ፣ ደመና አልነበረም፣ ድንጋይሽን አግኝቼዋለሁ።

 ከዚያ አዲሷ ቀስ ብላ፣ አውቃለሁ እትዬ፣ የአየሩን ትንበያ አይቼ ነበር፣ አንቺ ጋ ጥርት ያለ ነው የሚለው፣ ለእሱ ግን አልነገርኩትም፣ እህቴ ዋሽታ አታውቅም ሲለኝ ዝም አልኩ፣ በይ አሁን ላኪልኝ፣ ሳይርቅብን።

ትልካለች፣ እየላከች ፊቷ ይግላል፣ ወንድሟ የማያውቃትን እሷን፣ ክፉዋን፣ ይቺ ሴት አውቃታለች፣ አውቃም ደብቃላታለች፣ ልትጠላት ፈልጋ ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ከወዲያ የወንድሟ ድምፅ ይሰማል፣ ማን ነው፣ እህትህ ናት፣ ደመናው ገለጥ ብሎላት አገኘችው፣ ታገኘዋለች አላልኩሽም! ይላል እየሳቀ፣ ደስ አላት፣ አላልኩሽም ያለው ግን ለሚስቱ ነው፣ እና ይኸው ደግሞ፣ ትንሽ ብቻ፣ ቆረቆራት።