የአንድ ሰዓቱ ሰው

አዋላጅ ነርሷ በሩ አጠገብ ባገኘችው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ የመኪና ቁልፏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ታዘዋውራለች። «እግዜር ያጥናሽ» ብላ ከተቀመጠች ሩብ ሰዓት ሆኗታል። ሦስቴ ቀና ብላ ሐዘንተኛዋን አየች፤ ሦስቴም መልሳ አንገቷን ደፋች።

ሐዘንተኛዋ ልብ ብላታለች። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በእነዚህ ሦስት ቀናት ለቅሶ ደራሽን በፊቱ መለየት ለምዳለች፤ ከልቡ ያዘነውን፣ የሚለው ጠፍቶት የተጨነቀውን፣ ሻይ እስኪቀርብለት ብቻ የሚጠብቀውን። የዚህችኛዋ ግን ሌላ ነው።

«ሲስተር፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት ወደ እሷ ዘንበል ብላ።

«ኧረ ምንም አልሆንኩ።»

«ግድ የለም፣ ንገሪኝ።»

አዋላጇ ዙሪያውን ቃኝታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ በዚህ ቀን ይህን ማንሣት ያሳፍረኛል። ማሞቂያዬ እሳቸው ጋ ነበር። ተሠራ አልተሠራ ብዬ አይደለም፤ እንዳለ ልውሰደው ብዬ ነው። ተራራው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር አለችኝ፤ መንታ ነው። ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ጀማመራት ብለው አሁን ደወሉልኝ። ቤታቸው በረዶ ነው፤ ሕፃናቱ ደግሞ ገና ጭብጥ አይሞሉም።»

«ተፈታትቷል እኮ። እንዳለ ብትወስጂው ምን ይሠራልሻል?»

ሐዘንተኛዋ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሣች። «ነይ እስቲ» አለቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ወዴት?» አለች የባሏ ታላቅ እህት ከወዲያ ጥግ። ወንድሟን እናታቸው ስትሞት ተቀብላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ በዚህ ቤት ቃሏ ይከበራል። «ሰው ገና እየመጣ ነው። ጥለሽው ስትወጪ ምን ይላል?»

«መጣሁ እትዬ። ቅርብ ነኝ።»

ስትወጣ ሁለት ሴቶች ራሳቸውን አገጣጥመው ሲንሾካሾኩ ሰማች።

ወርክሾፑ ከቤቱ ጀርባ ነው። በግራ በኩል የእሷ የስፌት መኪና፣ በቀኝ በኩል የእሱ ጠረጴዛ አለ። እሷ የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች፤ ለእሱ ደግሞ ሙቅ አየር የሚሄድባቸውን ቱቦዎች እንደ እጅጌ የሚያለብስ ወፍራም ጨርቅ። አሥራ ስምንት ዓመት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሠርተዋል። እጁን ወደ ኋላ ሲዘረጋ ከሚያንቃጭለው ብረት ብቻ የሚፈልገውን ቁልፍ ታውቅና ሳትዞር ታቀብለው ነበር።

ማሞቂያው አሮጌ ጨርቅ ላይ ተበትኗል። ሲገጠም ሻንጣ የሚያክል፣ እጀታ ያለው ሣጥን ነው፤ ናፍጣ ያቃጥላል፣ ከመኪና ባትሪ ኃይል ይወስዳል፤ ሲያሻ መኪና ውስጥ፣ ሲያሻ አውርደው ቤት ደጃፍ ይተክሉታል። «ሁለት ቱቦ አለው» ይል ነበር ባሏ ለደንበኞቹ። «አንዱ ሙቀት ያስገባል፤ ወዳጅህ ነው። አንዱ ጭስ ያስወጣል፤ ጠላትህ ነው። የኔ ሥራ ሁለቱ በሕይወታቸው እንዳይተዋወቁ ማድረግ ነው።» የሞተ ዕለት ጠዋት የዚህን ማሞቂያ ጥላሸት ፍቆ ጨርሶ፣ ብሎኖቹን ከወጡበት ቀዳዳ ጎን ደርድሮ፣ «ቁርሴን በልቼ ልመለስ» ብሎ ወጣ። ከቁርሱ ወንበር ሳይነሣ ልቡ ቀጥ አለ።

«ትችይዋለሽ?» አለች አዋላጇ።

«እሱ ሲሠራው አይቻለሁ። እኔ ስሠራው ግን አይቼ አላውቅም» አለችና የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ ጠቀለለች።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሦስቱንም ቀን እየመጣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይቀመጥ የነበረ። «የሚያነሣ ሰው ካስፈለገ ብዬ ነው» አለ።

«ይግቡ ጋሼ።»

ከቀኝ ወደ ግራ፣ እሱ በደረደረው ተቃራኒ ገጣጠመችው። ጭስ እንዳያመልጥ በሁለት ብረቶች መሐል የሚገባውን ስስ ልባስ አዲሱን ከመሳቢያው አወጣች፤ የመጀመሪያውን ግለት የሚሰጠውን ካንዴሌታ አጠበቀች፤ ነዳጅ የሚገፋውን ፓምፕ አሰረች። ሽማግሌው ሣጥኑን ተሸክሞ አዋላጇ መኪና ውስጥ አስቀመጠው፤ እሷም የጭሱን ቱቦ በወለሉ ቀዳዳ አውጥታ፣ ፋሸታ በሚሉት የብረት ቀለበት ለጊዜው ያዝ አድርጋ ቁልፉን ተጫነች።

ፓምፑ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ነፋሱ ተነሣ። ከመኪናው ሥር ነጭ ጭስ ቦለል አለና ሁሉም ነገር ፀጥ አለ።

«ይኸው» አለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ አማራት። ከዚያ ግን ዓይኗ ናፍጣው በሚያልፍባት ስስ ቱቦ ላይ ወደቀ፤ ዓረፋ ተደርድሮባታል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስንቱን ደንበኛ «አየር ውጦ ነው፤ እስኪያገሳ ታገሠው» ሲል ሰምታዋለች። ፓምፑን ብቻ ለብቻው እያሠራች ዓረፋው እስኪያልቅ ጠበቀች። እንደገና ተጫነች።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ከሩቅ እንደሚመጣ አውሮፕላን ያለ ድምፅ ተሰማ። አዋላጇ መዳፏን ሙቀቱ ላይ ዘረጋችና ሳቀች፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆኗ ትዝ ብሏት አፏን ያዘች።

«ሳቂ ግድ የለም። በይ ሂጂ፤ መንገዱ ሳይመሽብሽ።»

«አንድ ሰዓቱስ?» አለ ሽማግሌው።

አነጋገሩ ቀስ ያለ ቢሆንም እጇ ባለበት ቀረ።

ባሏን ሰው ሁሉ «አንድ ሰዓት» እያለ ነበር የሚጠራው። አዲስ ደንበኛ ቅጽል ስሙን ሲሰማ ሱቁን በማለዳ አንድ ሰዓት የሚከፍት እየመሰለው በጠዋት መጥቶ በር ላይ ይጎለት ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። ማሞቂያ ገጥሞ ሲጨርስ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ማሞቂያውን ለኩሶ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ይላል። ሰው ይስቅበታል። እሷ ግን አትስቅም ነበር። ስንት እራት ቀዝቅዟል። የገዛ እህቷ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ ነው የደረሱት። ያን ቀን፣ «ከኔ የሰው መኪና ይበልጥብሃል። ገብተህ የምትተኛው እኔን ሽሽት ነው» ብላው ነበር። እሱም ክራቫቱን እያስተካከለ፣ «ሰው ሊያድርበት ነው እኮ» አለና ሌላ ነገር ሳይጨምር ቀረ።

«እርስዎም ያውቁታል ማለት ነው» አለች።

«ያስጀመርኩት እኔ ነኛ» አለ ሽማግሌው። «አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። «ሳትጋቡ በፊት ነው። ለመኪናዬ ገጠመልኝ። ጎበዝ ነበር፤ ፈጣንም ነበር ያኔ። በማግስቱ መንገድ ዳር አቁሜ፣ ማሞቂያውን ለኩሼ ጋደም አልኩ። ስነቃ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደርሷል፣ እግሬ አይታዘዝም። እንደ ምንም በሩን ገፍቼ ወደቅኩ። መውደቄ ነው ያተረፈኝ። ደህና ስሆን ልደበድበው መጣሁ። አልካደኝም። መኪናው ሥር ገባ፣ ብዙ ቆየ፣ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ‹እኔ ነኝ፤ ቱቦውን አላጠበቅሁትም› አለኝ። አስተካከለው። ከዚያ ገብቶ ዘጋው። ‹አሁን እኔ ልሞክረው። አንድ ሰዓት ቆጥረህ ክፈተኝ› አለኝ።»

«አሥራ ስምንት ዓመት» አለች እሷ። «አንድ ቀን እንኳ…»

«አፍሮ ነዋ። ከአንቺ በላይ ማንን ይፈራ ነበር?»

ቀሚሷ ላይ ያልነበረ አቧራ አራገፈች። ከመሳቢያው የጋዝ ጠቋሚዋን አወጣች፤ ያ ሽታ የሌለው ገዳይ ጭስ ሲኖር ቁጥር የምታሳይና የምትጮህ ትንሽ ዕቃ ናት። «ሲስተር፣ አንድ ሰዓት ትሰጪኛለሽ» አለቻት።

«እህቴ፣ እዚያ ሴትዮዋ…»

«አውቃለሁ። እነሱ ናቸው እኮ የሚተነፍሱት።»

ገብታ በሩን ዘጋች፤ ሽማግሌው እጁን መያዣው ላይ አድርጎ ውጭ ቆመ። ሙቀቱ ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ሆነች። «ክፉ ተናግሬህ ነበር፣ ባላወቅሁት ነገር» አለችው ባሏን። የምትለው ብዙ ነበር፤ ቀሪው ሌላ ጊዜ ይደርሳል ብላ ተወችው። በመስተዋቱ አዋላጇ ጎማ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስታይ ይታያታል።

ሃያ ደቂቃ ሲሆን ጠቋሚዋ ዜሮዋን ትታ ሃምሳን አለፈችና ጮኸች።

ሽማግሌው በሩን በረገደው። ማሞቂያውን አጠፋችና ወጥታ አየር ሳበች። ብረቱ እስኪበርድ ጠብቃ ስትፈትሽ፣ የጭሱ ቱቦ ፋሸታ በጣቷ ስትነካው ዞረ። ያላጠበቀችው ራሷ ናት፤ ከዓረፋው ጋር ስትታገል ረስታዋለች። በማንም አላሳበበችም።

«እኔ ነኝ» አለች። ካቻቢቴውን አንሥታ አጠበቀችው፤ ደገመችው። «ሲስተር፣ እንደገና አንድ ሰዓት።»

አዋላጇ በዚህ ጊዜ ሰዓቷን አላየችም። «እጠብቃለሁ» አለች ብቻ።

ሁለተኛው ሰዓት እስኪሞላ ቁጥሩ ከዜሮ አልተነቃነቀም። «ሣጥኑን ቤት ውስጥ እንዳታስገቢው» አለቻት አዋላጇን፣ ሞተር ስታስነሣ። «ከደጅ፣ ከመስኮት ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው፤ ጭሱ ከቤቱ ዞር ይበል። የሚገባው የሙቀቱ ቱቦ ብቻ ነው። ስታጠፊው በቁልፉ አጥፊው፤ ነፋሱ ራሱ እስኪቆም ባትሪውን እንዳትነቅዪ። ጠቋሚዋንም ያዣት፣ ያንቺ ትሁን።»

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ በሰው እንደተሞላ ስልኳ ጠራ። አዋላጇ ነበረች። ድምጿ ሻክሯል፤ ከጀርባዋ ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፣ ቀጭን፣ የተቆጣ።

«ይሰማሻል?» አለቻት። «ይሄ ታላቅየው ነው። ታናሿ ጠግባ ተኝታለች። ቤቱ ከመሞቁ የተነሣ አያትየው ነጠላቸውን ጥለዋል። ጠቋሚዋ ዜሮ ላይ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሕፃናቱ እኩል እሷን ሳይ ነው ያደርኩት።»

ሐዘንተኛዋ ስልኩን ከጆሮዋ አላቀቀችና ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ትናንት ሲንሾካሾኩ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ዓይኗን ጠረገች።

የባሏ እህት ጥሪው እስኪዘጋ ጠበቀች። «ሌላ ጀምሮ የተወው ሥራ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ሁለት አለ እትዬ። የአውቶብሱና የጥበቃ ቤቱ።»

«ሰዎቹ ይጠብቁታል?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያ ምን ቁጭ አድርጎሻል? እንግዳውን እኔ አለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ሠራች። ሽማግሌው አነሣላት፣ ያዘላት፤ ሰዓት ሲሞላም በሩን ከፈተላት። የአውቶብሱ ባለቤት ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ መኪናው መሞቁን ሲያይ፣ «አሁን ማን ብለን ነው የምንጠራሽ?» አላት። «ሰዓቱን እንደሆነ አልቀንስም» አለችው፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ።

ወደ ቤት ስትገባ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፤ እንግዳውም ሄዷል። የባሏ እህት ለብ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። «ነይ፣ እጅሽን ላስታጥብሽ። ጥፍርሽ ሁሉ ጠቁሯል።»

ሳፋውን ከፊቷ አስቀመጠችና እጇን ሳብ አደረገቻት። ውሃውን ልታፈስ ማንቆርቆሪያውን አዘንብላ ባለችበት ቆመች። ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። የወንድሟን ሚስት እጅ በሁለት እጇ ወደ ፊቷ አቅርባ አሸተተችው፤ ናፍጣና ብረት፣ ብረትና ናፍጣ። ዓይኗን ጨፈነች።

«ትንሽ ይቆይ» አለች። «አሁን አትታጠቢው።»

ውሃው እስኪቀዘቅዝ እጇን አልለቀቀቻትም።