ሳሙኤል የጠፋባቸው ሃያ ደቂቃዎች

አብዱልሃሚድ በሀዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ሱቅ አለው። ዕድሜው አርባ ስምንት ነው። ከቤተሰቡ ቀጥሎ የሚወደው የሚደግፈውን ክለብ እንደሆነ ይናገራል፤ ሚስቱ ሙንተሃ ግን ቅደም ተከተሉን ትጠራጠራለች።

ብዙው ደጋፊ ብቅ የሚለው ሊጉ ሲጀመር ነው። አብዱልሃሚድ ግን ነሐሴ ላይ ቡድኑ ዝግጅት ከጀመረበት ቀን አንስቶ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለሙንተሃ ትቶ ልምምድ ሜዳው አጥር ሥር ይቀመጣል። እዚያ ሠላሳ የማይሞላ ሰው ነው የሚገኘው። ኳስ ስትመታ ጎልቶ ይሰማል፤ ተጫዋቾቹ ሲያለከልኩ እንኳ ይሰማል። እነሱም አጥሩ ሥር የሚወራውን እንደሚሰሙ ግን አስቦት አያውቅም ነበር።

ዘንድሮ የሁሉም ዓይን ያረፈው በግራ መስመር ተከላካዩ ቦታ ላይ ነበር። ነባሩ ተጫዋች ሌላ ክለብ ስለገባ አሰልጣኙ ከተስፋ ቡድኑ አንድ ልጅ እንደሚያሳድግ ተነገረ። ለቦታው ሁለት ልጆች ቀረቡ፤ ያቤጽና ሳሙኤል። ሁለቱም አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ያቤጽ ፈጣንና ደፋር ነው። ሳሙኤል የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኳስ ከመያዙ በፊት ግራ ቀኙን ሁለት ጊዜ የሚያይ።

በሁለተኛው ሳምንት ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርስ ተጫወተ። ሳሙኤል ገና በጅምሩ የተላከለትን ኳስ በደንብ ሳያቆም ቀርቶ ወደ ውጭ ወጣችበት። አጥሩ ሥር የተቀመጡት አጉረመረሙ። ትንሽ ቆይቶ የተቃራኒው ክንፍ ተጫዋች ሳሙኤል በተወው ክፍት ቦታ ሰተት ብሎ ገባና ጎል አገባ።

አብዱልሃሚድ ከመቀመጫው ተነሳ።

«አሰልጣኝ! ይሄን ልጅ አውጣልን! ቤቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ እኮ ነው የሚጫወተው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ካሳሁንም «የት ነው ያገኛችሁት?» ብሎ ጨመረበት። ሳሙኤል ወደ አጥሩ አልዞረም። ካልሲውን ጎንበስ ብሎ ሳብ አደረገና ወደ ቦታው ተመለሰ። ከሃያ ደቂቃ ያህል በኋላ ተቀይሮ ወጣ።

ልምምዱ ሲያልቅ ዝናብ ጀመረ። አብዱልሃሚድ እየሮጠ አንድ ባጃጅ አስቁሞ «አዲስ ከተማ!» አለና ገባ። ከኋላ አንድ ልጅ የታኬታ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። ድምፁን ሲሰማ ቀና ብሎ አየው።

«አጥሩ ሥር የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት አይደል?»

አብዱልሃሚድ ሳሙኤል መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው። «እንዴት አወቅከኝ? ዞረህም አላየኸን።»

«በድምፅዎ።»

ባጃጁ ውኃውን እየሰነጠቀ ተንቀሳቀሰ። ቀድሞ የተናገረው ሳሙኤል ነው፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ የተጠየቀውን የሚመልስ ተማሪ ይመስል ነበር።

«የመጀመሪያው ኳስ የእኔ ጥፋት ነው። የጎሉ ግን ሌላ ነው።» የባጃጁ መጋረጃ ላስቲክ በእንፋሎት ደብዝዞ ነበር። በጣቱ መስመር አሰመረበት። «ይኼ እኔ ነኝ። ወደፊት እንድወጣ ታዝዣለሁ። እኔ ስወጣ አማካዩ እዚህ ጋ መጥቶ ይሸፍናል። ዛሬ ሳይመጣ ቀረ። እሱም አዲስ ነው፤ አልፈርድበትም።»

አብዱልሃሚድ መስመሮቹን አየ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኳስ ሲያይ ኖሯል። ያየው ግን ኳሷን ነው። ኳስ በሌለበት ቦታ ማን እንደቆመ፣ ማን ሳይመጣ እንደቀረ ልብ ብሎ አያውቅም። እሱ የሚወርድበት ደረሰ። «በርታ» ብሎ ብቻ ወረደ።

ማታ እራት ላይ ለሙንተሃ ነገራት።

«ታዲያ ይቅርታ አልጠየቅከውም?» አለችው።

«መውረጃዬ ደረሰብኝ።»

ሙንተሃ ሰሃኑን አነሳች።

በማግስቱ ቀደም ብሎ ሜዳው ሄደ። ምክትል አሰልጣኙ ሔኖክ ኮኖች እየደረደረ ነበር። ሔኖክን ከተጫዋችነቱ ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል።

«የትላንቱ ጎል የልጁ ጥፋት አልነበረም» አለው አብዱልሃሚድ። «አማካዩ ነው ያልሸፈነው።»

ሔኖክ ሳቀ። «ጋሽ አብዱ፣ ይሄ እኛን የሚጠፋን ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለምን አወጣችሁት?»

ሔኖክ ሳቁን ተወ። «ከጎሉ በኋላ ሃያ ደቂቃ ኳስ አልጠየቀም። አንድም ጊዜ። ጓደኞቹ ሊሰጡት ሲፈልጉ ከሰው ጀርባ ይቆማል። እኛ የጻፍነው ይሄን ነው።»

አብዱልሃሚድ ከጎሉ በኋላ ምን እንደሆነ አልጠፋውም። እሱ ነው የጮኸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሩ ሥር ዝም ብሎ መቀመጥ ያዘ። ካሳሁን «ጉሮሮህን አመመህ እንዴ?» እያለ ይቀልድበታል። እሱ ግን ኳሷን ትቶ ሳሙኤልን ብቻ ይከተላል። ልጁ መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ አማካዩን በእጁ እንዴት እንደሚጠራ እያየ ይማራል። በልቡም እሱን መደገፍ ጀመረ። ሌላ ሰው በሳሙኤል ላይ ሊጮህ አፉን ሲከፍት እጁን ይይዘዋል። ለልጁ ያለበትን ዕዳ በዚህ የሚከፍል ይመስለው ነበር።

የመጨረሻው የአቋም መለኪያ ጨዋታ ከሌላ ከተማ ከመጣ ቡድን ጋር ሆነ። መጀመሪያ ያቤጽ፣ ከዕረፍት በኋላ ሳሙኤል ተጫወቱ። ያቤጽ ሁለት ጥሩ ኳስ አሻገረ። አንድ ጊዜ ደግሞ ክፉኛ ተሳስቶ ለጎል የምትሆን ኳስ አስቀማ፤ ግብ ጠባቂው አዳነለት። ደጋፊው ሰደበው። ያቤጽ ስድቡ ሳያልቅ እጁን አንስቶ ኳሷን እንደገና ጠየቀ።

ሳሙኤልም ጥሩ ተጫወተ። ኳስ ጠየቀ፣ ተቀበለ፣ አልተደበቀም። አብዱልሃሚድ ጨዋታው እስኪያልቅ በጉጉት ሲያየው ቆየ። ፊሽካው ሲነፋ ግን ራሱን መዋሸት አልቻለም። ቦታው የሚገባው ለያቤጽ ነበር። ያንን ማወቁ ከባድ ሆነበት፤ ምክንያቱም ምርጫው የተዛባ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የሚቆጣበት ነገር ያገኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የያቤጽ መመረጥ ተነገረ። አብዱልሃሚድ በር ላይ ጠበቀ። ሳሙኤል ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱን ግን ታጥቦ ነበር።

«ሳሙኤል፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። የዚያን ቀን ያስወጣህ ጎሉ አይደለም። ከጎሉ በኋላ ሃያ ደቂቃ ኳስ ስላልጠየቅክ ነው። እኔ ስለጮህኩብህ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ። ያኔውኑ ባጃጁ ውስጥ ማለት ነበረብኝ።»

ሳሙኤል ቦርሳውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረ።

«ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። ሃያውን ደቂቃ ግን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«አልገባኝም።»

«እርስዎ የጮኹት አንዴ ነው፤ የተደበቅኩት እኔ ነኝ። በእርስዎ ካላላከክሁት ላስተካክለው እችላለሁ። በእርስዎ ምክንያት ነው ካልኩ፣ በሄድኩበት ሁሉ የሚጮህ ሰው አለ፤ ምን ልሆን ነው?»

ልጁ ከአብዱልሃሚድ ልጆች የአንዱ እኩያ ነው፤ እሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለራሱ ተናግሮ አያውቅም።

«ባለፉት ሳምንታት ሲከታተሉኝ አይቻለሁ» አለ ሳሙኤል። «ምን አዩ? ሳያባብሉኝ ይንገሩኝ።»

ማባበል ፈልጎ ነበር፤ ተወው። «ስትወጣ ጎበዝ ነህ። ስትመለስ ግን ኳሷን ነው የምታየው። ከጀርባህ የሚሮጠውን ሰው አታይም።»

«አሰልጣኙም ይህንኑ ነው ያለኝ» አለ ሳሙኤል። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈገግ አለ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ስለዚሁ ጉዳይ እያወሩ አብረው ሄዱ፤ ሳሙኤል አንዳንዴ ቆም ብሎ የመንገዱን ዳር የሜዳ መስመር አድርጎ ያሳየዋል።

ጥቅምት ላይ ሳሙኤል ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ለሚል የከፍተኛ ሊግ ቡድን ፈረመ። ቡድኑ ያለበት ከተማ ከሀዋሳ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አብዱልሃሚድ ዜናውን ስልኩ ላይ ሲያይ ሱቁ ውስጥ ሙንተሃ ለአንዲት ደንበኛ መጋረጃ እየለካች ነበር።

«እሑድ ሱቁን ትይዢልኛለሽ?» አላት።

«እዚህ ጨዋታ የለም እኮ።»

«እዚህ አይደለም።»

ሙንተሃ ሜትሩን በእጇ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። «እኔም እመጣለሁ» አለች፤ «ልጁን ልየው።»